ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን መጥባት ሲያቅተው ክፍሉን እንዴት እናስተካክል?

ከ37ኛው የእርግዝና ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ያለጊዜው የተወለደ ይባላል። በሰሜን ሸዋ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከሞረትና ጅሩ፣ ከመርሐቤቴ የመጡ እናቶች ከሁሉ አብልጠው የሚጠይቁኝ ጥያቄ «ሲስተር፣ ልጄ ለምን አይጠባም?» የሚል ነው። ከጥያቄው ሥር ብዙ ጊዜ ራስን መውቀስ አለ፤ እናትየዋ ወተቷ እንደቀጠነ ወይም ጡቷ እንዳልተመቸው ታስባለች፤ አያትየዋ ደግሞ ልጁን ደካማ ነው ብላ ተስፋ ትቆርጣለች። ለእነዚህ እናቶችና አያቶች፣ ለሥራ ባልደረቦቼም ጭምር ልነግራቸው የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሕፃኑ አልጠባ ሲል እርሱንም ሆነ የእናቱን ጡት ከመጠርጠራችን በፊት በዙሪያው ያለውን ብርድ፣ ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሽታና የሰው እጅ እንመርምር፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ያለ ምንም ወጪ የሚስተካከሉ ናቸውና።

ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ሙቀቱ የማይለዋወጥ፣ ጨለም ያለ፣ የውጭ ድምፅ ታፍኖ የሚደርስበት፣ እጅና እግሩን ሰብስቦ የሚተኛበት ቦታ ነበረው። ያለቀኑ ሲወለድ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀርበትና ገና ባልጠና አካሉ ብርዱንም ጩኸቱንም መቋቋም ይጠበቅበታል። መጥባት ደግሞ ራሱን የቻለ ከባድ ሥራ ነው። መሳብ፣ መዋጥና መተንፈስ ተራቸውን ጠብቀው መከናወን አለባቸው፤ ይህ ቅንጅት በአብዛኞቹ ሕፃናት ላይ ከ32ኛው እስከ 34ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ መታየት ይጀምርና በሚቀጥሉት ሳምንታት እየጠነከረ ይሄዳል። ሳምንቱ የሚቆጠረው ከእርግዝናው መጀመሪያ አንሥቶ ነው፤ በ30 ሳምንቱ ተወልዶ ሦስት ሳምንት በክፍሉ የቆየ ሕፃን ዛሬ 33 ሳምንት ሆኖታል ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ወተቱን በአፍንጫ ወይም በአፍ በሚገባ ቀጭን ቱቦ እንዲሰጠው ሲያዝ ሕፃኑ ጡት መጥባት አይችልም ብሎ መፍረዱ አይደለም፤ ጊዜው እስኪደርስ ድረስ ጉልበቱን ለዕድገት እንዲያውለው ነው። ለብርድና ለድንጋጤ የሚያወጣው ጉልበት ከዚያው ከጥቂቱ ላይ የሚቀነስ መሆኑን ከያዝን የሚቀጥለው ሁሉ ግልጽ ይሆናል።

ብርዱ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፣ ጠዋት የመስኮቱ መስታወት ሲነኩት ጣት ያደነዝዛል። በዚህ አገር ስለ ሕፃን አመጋገብ ሲነገር ከብርድ መጀመር ግድ ነው። የጨቅላ ሕፃን የሰውነት ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል መሆን አለበት። ሕፃን እንደ አዋቂ ተንቀጥቅጦ አይሞቅም፤ በሰውነቱ ያለችውን ጥቂት ስብና ስኳር እያቃጠለ፣ ኦክስጅንም እየጨረሰ ይሞቃል። ያለጊዜው የተወለደው ደግሞ ይህ ስብ ገና አልተጠራቀመለትም። በመሆኑም የበረደው ሕፃን በመጀመሪያ ዝም ይላል፣ ይፈዛል፣ አፉን በደንብ አይከፍትም፤ ቤተሰቡ «ጨዋ ልጅ ነው፣ አያለቅስም» እያለ ሲደሰት እርሱ ግን የመጥባት አቅሙን እያጣ ነው።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ የመመገቢያ ሰዓት በፊት ሙቀቱ ይለካ። ከ36.5 በታች ከሆነ መጀመሪያ ይሙቅ፣ ተረኛዋ ነርስም ትወቅ። የሕፃኑ አልጋ ከመስኮትና ከውጭ ግድግዳ ይራቅ፤ የክፍሉ አየር ሞቅ ያለ ቢሆንም እንኳ በቅርብ ያለ ቀዝቃዛ መስታወት ከሕፃኑ ገላ ላይ ሙቀት ይስባል። ሚዛኑ ላይ ጨርቅ ሳይነጠፍ ሕፃን አይቀመጥ፣ የቀዘቀዘ እጅም አይንካው። የረጠበ የሽንት ጨርቅ ወዲያው ይቀየር። የታለበ ወተት ከማቀዝቀዣ ከወጣ፣ ዕቃውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ በማቆየት ወደ ሰውነት ሙቀት ይመለስ እንጂ እሳት ላይ አይጣድ። ገላ መታጠብን በተመለከተ ሕፃኑ ከተወለደ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይሞላው መታጠብ የለበትም፤ ያለጊዜው ለተወለደው ደግሞ ከዚያም በላይ ቢዘገይ ይመረጣል።

ከማንኛውም ማሞቂያ የሚበልጠው የእናት ደረት ነው። ካንጋሮ የምንለው አያያዝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የተጀመረ ሲሆን፣ ምክንያቱም የማሞቂያ ሣጥን እጥረት ነበር። ዛሬ ግን እጥረት ባለበትም በሌለበትም የሚመከር ሕክምና ሆኗል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ያለጊዜው የተወለዱ ወይም ክብደታቸው አነስተኛ የሆነ ሕፃናት በተቻለ ፍጥነት ከተወለዱ በኋላ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት በእናታቸው ገላ ላይ እንዲቆዩ ያዛል። አሠራሩ ቀላል ነው። ሕፃኑ ኮፍያ፣ ካልሲና የሽንት ጨርቅ ብቻ ለብሶ በእናቱ ሁለት ጡቶች መካከል ቀጥ ብሎ ደረት ለደረት ይደረጋል፤ ፊቱ ወደ ጎን ይዞራል፣ አገጩ ደረቱ ላይ አይጣበቅም፣ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ተጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በነጠላ ወይም በሰፊ ጨርቅ እንዳይንሸራተት ይታሰራል። በላዩ ጋቢ ይደረባል። የመንዝ ባናም ከላይ ሲደረብ ግሩም ሙቀት ይሰጣል፤ ነገር ግን ጸጉሩ ስለሚሻክርና ብናኝ ስለሚይዝ የሕፃኑን ገላና ፊት መንካት የለበትም። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያ ሣጥኑ ይቀዘቅዛል፤ ደረት አይቀዘቅዝም። እናትየዋ ስትደክም አባት፣ አያት ወይም አክስት ሊተኳት ይችላሉ። አባቶች በመጀመሪያ ያፍራሉ፤ ልጃቸው ደረታቸው ላይ እንቅልፍ ሲወስደው ካዩ በኋላ ግን ተራቸውን አሳልፈው የሚሰጡ ጥቂቶች ናቸው።

ከደረት ወደ መጥባት የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። በካንጋሮ የተያዘ ሕፃን የጡቱን ሽታ ሲያገኝ በራሱ ጊዜ አፉን ማንቀሳቀስና መላስ ይጀምራል፣ እናትየዋም የመራብ ምልክቱን ከማንም ቀድማ ታያለች።

ከጣርማበር ቁልቁል ወርደን ሸዋሮቢት ስንደርስ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። በቆላው ቤተሰቡ ከልማድ የተነሣ ሕፃኑን ደራርቦ ሲያለብሰው ሙቀቱ ከ37.5 በላይ ይወጣል፤ የሞቀው ሕፃንም እንደ በረደው ሁሉ ይፈዝና መጥባት ይተዋል። እዚያ የሚያስፈልገው ልብሱን ማሳሳት ነው። ሙቀቱ ካልወረደ ግን የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ለሐኪም ይነገር።

ድምፁ

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ያለው ድምፅ ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ከመከረ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። በአንድ ክፍል ያሉ ሁለት ሰዎች የሚያደርጉት ተራ ንግግር 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ይህን ማነጻጸሪያ ለባልደረቦቼ በተናገርሁ ቁጥር ዝምታ ይሆናል፤ ድምፁ ከማሽን ብቻ የሚመጣ ይመስለን ስለነበር ነው። እርግጥ የሞኒተሩ አላርም አለ፣ የኦክስጅን ማሽኑ አለ። ከእነርሱ በላይ የሚያስደነግጠው ግን በድንገት የሚመጣው ድምፅ ነው፤ የብረት ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ክዳን፣ ወለል ላይ የሚጎተት ወንበር፣ የተንቀሳቃሽ ስልክ ጥሪ፣ በሥራ መቀባበያ ሰዓት በር ላይ የሚደረግ ወሬ።

ድንገተኛ ድምፅ የሰማ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን የልብ ምቱ ይለዋወጣል፣ አተነፋፈሱ ይዘበራረቃል፣ በደሙ ያለው የኦክስጅን መጠን ሊወርድ ይችላል። በመጥባት ላይ ሳለ ከሆነ ደግሞ መዋጡና መተንፈሱ ይጋጩበትና ትን ይለዋል። ተኝቶ ከሆነ ይነቃል፤ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲነቃ የዋለ ሕፃን የመመገቢያው ሰዓት ሲደርስ ደክሞ ይተኛል። እኛም «ሰነፍ ነው» እንላለን።

ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ያለ ሕፃን ከድምፅ የተከለለ ይመስላል እንጂ ሣጥኑ ራሱ እንደ ከበሮ ነው። ክዳኑ ላይ ካርድ ማስቀመጥ፣ ጠርሙስ ማኖር፣ ሕፃኑን ለማየት በጣት ማንኳኳት ውስጡ ላለው ትልቅ ድምፅ ይሆናል። በሮቹን በሁለት እጅ ይዘው ቀስ ብለው ይዝጉ፣ ከላይ የታጠፈ ጨርቅ ያንጥፉ፣ አላርም ሲጮኽ ነርሷ ሕፃኑን ከማየት ጋር ወዲያው ታጥፋው። የአላርሙን ድምፅ የሚቀንሱት ወይም የሚያስተካክሉት ባለሙያዎች ብቻ ናቸው። ቤተሰብ ስልኩን ከመግባቱ በፊት ይዝጋ። የሚቻል ከሆነም ክፍሉ በቀንና በሌሊት የተወሰነ የጸጥታ ሰዓት ቢኖረው፣ ያ ሰዓትም ከመመገቢያው በፊት ቢሆን፣ ሕፃናቱ ተኝተው ሲነቁ ለመጥባት ዝግጁ ሆነው ይገኛሉ።

ይህ ማለት ግን ሕፃኑ ምንም ድምፅ አይስማ ማለት አይደለም። የእናቱን ድምፅ በማኅፀን ሳለ ያውቀዋል። ከጡት በፊት ዝቅ ባለ ድምፅ ስታናግረው፣ እሹሩሩ ስትለው ይረጋጋል። ጡት እየጠባ ሳለ ግን ዝም ብትል ይሻላል፤ ትኩረቱን በሁለት ነገር ላይ የመክፈል አቅም ገና የለውም።

ብርሃኑ

ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን የዓይኑ ቆብ ስስ ነው፣ ከ32 ሳምንት በፊትም የዓይኑ ብሌን ብርሃንን ለመከላከል በደንብ አይጠብም። ጣሪያው ላይ ያለ ደማቅ መብራት ፊቱ ላይ ሲወርድበት ዓይኑን ጨፍኖ ይተኛል፤ ዓይኑን የጨፈነ ሕፃን ደግሞ ለመጥባት አይነቃም። ስለዚህ በመመገቢያ ሰዓት መብራቱ ይደብዝዝ ወይም ሕፃኑ ጀርባውን ለብርሃኑ ይስጥ። ማሞቂያ ሣጥኑ ላይ ጨርቅ ሲሸፈን የፊቱን መልክ ለማየት የሚያስችል ክፍት ቦታ ሁልጊዜ ይተው፤ መገርጣቱን ወይም መጥቆሩን ማየት ካልተቻለ ሽፋኑ ጉዳት ነው። ለቢጫነት የብርሃን ሕክምና ላይ ያለ ሕፃን፣ ነርሷ ከፈቀደች፣ ለመጥባት ሲወጣ የዓይኑ መሸፈኛ ተነሥቶለት እናቱን ይይ።

ሽታና አፍ

ይህን ጉዳይ በክፍሎቻችን ከሁሉ ያነሰ ትኩረት ሲሰጠው ስላየሁ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ። የሕፃን አፍና አፍንጫ የመመገቢያ መንገዶች ናቸው፤ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ግን ወደ እነርሱ የሚቀርበው ነገር አብዛኛው የሚያስከፋ ነው። ቱቦ ይገባል፣ ፕላስተር ይለጠፍና ይነቀላል፣ አክታ በማሽን ይመጠጣል። ከቀናት በኋላ ጡት ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል፣ ምላሱን ወደ ላንቃው ይለጥፋል። እምቢታ አይደለም፤ ወደ አፉ የሚመጣ ሁሉ ሕመም መሆኑን ተምሮ ነው።

ይህን ትምህርት በሌላ መተካት ይቻላል፣ መጀመር ያለበትም ገና በቱቦ ሲመገብ ሳለ ነው። እናትየዋ እጇን በደንብ ታጥባ ጥቂት ጠብታ እንገር ወይም ወተት በከንፈሩ ላይ ታድርግለት። ወተቷ የነካው ንጹሕ ቁራጭ ጨርቅ በአፍንጫው አጠገብ ይቀመጥ፤ አፍንጫውን ግን አይሸፍን። በቱቦ ወተት ሲወርድለት በካንጋሮ ተይዞ ወይም የታለበ ጡት በአፉ ይዞ ቢሆን፣ መጥባትንና መጥገብን አንድ ላይ ይማራቸዋል።

የእጅ ማጽጃ አልኮል ከደረቀና ሽታው ከጠፋ በኋላ ብቻ ሕፃኑን ይንኩ። ሽቶ፣ ራስ ላይ የተቀባ ቅቤ፣ ልብስ የያዘው የኩበት ጢስ ወይም የዕጣን ሽታ ሕፃኑ የሚያውቀውን የእናቱን የገላ ሽታ ይሸፍኑበታል፤ ጢሱ ደግሞ ሳንባውን ይጎዳል። ከገጠር የመጣች እናት ይህን ስትሰማ እንዳታፍር በአክብሮት ሊነገራት ይገባል፤ በለብታ ውኃና በሳሙና መታጠቧና ንጹሕ ነጠላ መልበሷ በቂ ነው።

በአንዳንድ ቤተሰብ እንገርን አልቦ መድፋት፣ ለአራስ ልጅ ቅቤ ማዋጥ፣ የአብሽ ወይም የስኳር ውኃ ማቅመስ አሁንም አለ። አያቶች ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር ነው፣ ግን ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን አንጀቱ ገና ያልጠና በመሆኑ ከእናት ጡት ወተት ውጭ ሐኪም ያላዘዘው ምንም ነገር ሊሰጠው አይገባም። ቢጫና ጥቂት የሆነው እንገር በሽታን የሚከላከል የመጀመሪያ ምግቡ ነው፤ አንድም ጠብታ አይደፋ።

መነካካትና ሰዓት

በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት ሰዓቱ ስለደረሰ ብቻ የተኛ ሕፃን ቀስቅሼ፣ እግሩን እየኮረኮርሁ፣ ሲኒው ውስጥ ያለውን ወተት እንዲጨርስ እገፋፋ ነበር። መዝገቡ ላይ የታዘዘው መጠን መጻፍ ነበረበትና። ከእነዚያ ሕፃናት አንዳንዶቹ ከቀናት በኋላ ሲኒውን ሲያዩ ፊታቸውን ሲያኮማትሩ ያየሁት አሁንም ይቆጨኛል። መጠኑ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ 1,500 ግራም የሚመዝንና በቀን በኪሎ 160 ሚሊ ሊትር የታዘዘለት ሕፃን በ24 ሰዓት 240 ሚሊ ሊትር፣ በየሦስት ሰዓቱ ሲመገብ ደግሞ በአንድ ጊዜ 30 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል። ያልጨረሰው በቱቦ ሊሰጠው ይችላል፤ በአፉ ግን በግድ አይሰጠው።

የደም ናሙና፣ ክብደት መለካት፣ ጨርቅ መቀየር ሁሉ በአንድ ተሰባስበው ቢከናወኑ ሕፃኑ በመካከል ረጅም እንቅልፍ ያገኛል። የሚያሳምም ነገር ከመመገቢያው ጋር አይያያዝ። በሚነካበት ጊዜ አንድ እጅ ራሱ ላይ፣ ሌላው የተጣጠፉ እግሮቹ ላይ ሳይነቃነቅ ቢያርፍ ይረጋጋል፤ መደባበስና መወዝወዝ ያደክመዋል።

ለመጥባት ሲዘጋጅ ዓይኑን ይገልጣል፣ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፣ ይልሳል፣ ጉንጩ ሲነካ ፊቱን ያዞራል። ማልቀስ የመጨረሻው ምልክት ነው፤ እስኪያለቅስ መጠበቅ ጉልበቱን ማስጨረስ ነው። በለስላሳ ጨርቅ እጆቹ ወደ ፊቱ ሆነው ይጠቅለል፣ ራሱና ጀርባው ቀጥ ብለው ይደገፉ፤ በሲኒ ሲመገብም ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ ወተቱ የታችኛውን ከንፈሩን ይንካ እንጂ ወደ አፉ አይፍሰስ፣ እርሱ ራሱ ይላሰው። ጡት ላይ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ስቦ ማረፉ የተለመደ ነው። ያን ጊዜ የሚተነፍሰው ነውና ጡቱን አያነቃንቁበት። ጣቶቹን ዘርግቶ ሲያፈራራ፣ ሲያስነጥስ፣ ሲያዛጋ፣ ቅንድቡን ሲቋጥር፣ ወተቱ በአፉ ዳር ሲፈስ በቃኝ እያለ ነው፤ ያቁሙና ያሳርፉት። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም መተንፈስ ካቆመ ወዲያው ጡቱን ወይም ሲኒውን ያንሡ፣ ነርስ ይጥሩ።

እናትም የክፍሉ አካል ናት

የጡት ወተት እንዲፈስ የሚያደርገው ሆርሞን በሕመም፣ በብርድና በጭንቀት ይታገዳል፤ ሕፃኑን በማየት፣ በመንካትና በማሽተት ይነቃል። ባዶ ኮሪደር ላይ፣ በሰው ፊት፣ ቀዝቃዛ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ እንድታልብ የተደረገች እናት ወተቷ ቢያንስ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። ከሕፃኑ አጠገብ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ አንድ መጋረጃ፣ አንድ ጋቢ ይዘጋጅላት። ሕፃኑ መጥባት እስኪጀምር ድረስ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 8 ጊዜ ትለብ፣ ከእነዚህም አንዱ ሌሊት ይሁን። አጥሚቱና ገንፎው ሳይቋረጥ ይምጣላት።

እናቶቻችን የአራስን ቤት ጨለም ያለና ሞቃት አድርገው፣ ነፋስ እንዳይገባ ደጁን ጋርደው፣ ጠያቂውን በመጠን አድርገው የሚጠብቁት አራሷንና ልጇን ለማሳረፍ ነው። ጢሱንና ብዙ ቡናውን ስናስቀር፣ ያ ሥርዓት በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ የምንፈልገው ነው። ይህን ለአያቶች ስነግራቸው በቀላሉ ይረዱኛል፤ ክፍሉን ከእኛ ይልቅ የሚጠብቁትም እነርሱ ይሆናሉ።

ወደ ቤት ሲሄዱ

ሕፃኑ ከመውጣቱ በፊት እናትየዋ ቢያንስ አንድ ሌሊት ከእርሱ ጋር ብቻዋን አድራ የመራቡን ምልክት ማወቋን ታረጋግጥ። ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው፤ ከመሣፈር በፊት ጡት ይስጡት፣ በካንጋሮ እንደታሰረ ጋቢ ደርበው ይሣፈሩ፣ ከመስኮት ይራቁ፤ ሁለት ሰዓት ሲሞላም ሹፌሩን ይለምኑና መኪናው ቆሞ ጡት ይስጡት። ቤት ሲደርሱ አልጋው ምድጃ ካለበት ክፍል የተለየ ይሁን። መጥባት ከተወ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ የጎን አጥንቱ ሥር እየገባ ከተነፈሰ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ አረንጓዴ ነገር ካስመለሰው፣ ከሞቀ ወይም ከቀዘቀዘ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ሲወስዱትም በደረትዎ አስረው ይሁን።